የደጃችን ሐረግ፦ ጠምበለል ነው ወይስ የአጋም ዘመድ?

(በቂርያት መላኺ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ፣ ኋላም በገዴራና በያቭኔ የተደገመ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

 

ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ ዑልፓን፣ ስለ መሽካንታ ወይም ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ አይደለም። ስለነዚህ ጉዳዮች ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። እኔ አትክልተኛ ነኝ። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ከ14,000 በላይ ወገኖች አንዱ ስሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት የፋብሪካ ዓመታት በቀር ኑሮዬን የመራሁት ከቂርያት መላኺ እስከ ያቭኔ ባሉት ግቢዎች አፈር ስኮተኩትና ቅርንጫፍ ስገርዝ ነው። ስለዚህ ስለማውቀው ልናገር። የማውቀውም በአጥርና በግድግዳ ላይ የሚወጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ነጭ አበባው በፈነዳ ጊዜ ግቢውን በመዓዛ የሚሞላ አንድ ሐረግ ነው። የዚህ አገር ሰው በጅምላ ያስሚን ይለዋል።

«አበባ ይበላል ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ ይገባኛል። አይበላም። እንዲያውም ወደ አፍ እንዳይቀርብ ኋላ አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ጎመንና ቃርያ፣ ጤና አዳምና በሶብላ መትከል የሚሻ ይትከል፤ መልካም ነው። በገዴራ ሻፒራ በተባለው ሰፈር ከ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ የእኛ ሽማግሌዎች በጋራ መሬት ላይ አትክልት ማልማት ሲጀምሩ፣ ብዙ ዓመት ሥራ ፈትቶ የቆየ የገበሬ እጅ እንዴት እንደሚነቃ ታይቷል። ሐረጉ ግን ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው። ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ እናቴ ልንገራችሁ፤ ከእርሷ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

እናቴ አምቦበር አካባቢ ተወልዳ ያደገች የገጠር ሰው ነበረች። ቂርያት መላኺ ስንገባ ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እኔና ባለቤቴ ሥራ እንውላለን፣ እርሷ ከመስኮቱ ሥር ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ጠዋት ስንወጣ እዚያ ናት፤ ማታ ስንገባም እዚያው ናት። ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፣ ደህና ናት አሉን። አንድ ምሽት «እማዬ፣ ምን ጎደለሽ?» ብላት፣ «ምንም አልጎደለኝ ልጄ፤ እህሉም ውሃውም ሞልቷል። አገሩ ሽታ የለውም እንጂ» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ስትዘረዝርልኝ ገባኝ። የማለዳ ጭስ፣ ዝናብ የነካው አፈር፣ ከወንዙ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ላይ የሚሳበው ጠምበለል። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ጠምበለሉ ከሩቅ ይቀበላት እንደነበር ነገረችኝ። እኔም ቸኩዬ «ይኸማ ቀላል ነው፣ ጠምበለል እተክልልሻለሁ» አልኳት። ቃሉ ካፌ የወጣው እንዲህ በቀላሉ ነው፤ ለመፈጸም ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፣ ሦስት ጊዜም መትከል ነበረብኝ።

የመጀመሪያው እነሆ። በዚያው ሰሞን ሚሽታላ፣ ማለትም ችግኝ መሸጫ ሄጄ ያስሚን ስጡኝ አልኩ፤ ሰጡኝ። ወሩ ሐምሌ ነበር፣ ጁላይ። አገር ቤት ሐምሌ የችግኝ ወር ነው፤ ሰማዩ ራሱ ያጠጣልሃል። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ተከልኩ፣ አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰስኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ እንደ ተቆላ ቡና ሆነ። እናቴ ከመስኮቷ ሆና ሁሉንም አይታለች፤ ምንም አልተናገረችም።

አዲስ የመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ይህን ነው፤ በዝናብ በኩል የዚህ አገር ዓመት የእኛ ዓመት ግልባጭ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። በእነዚህ በሦስቱ ከተሞቻችን በዓመት የሚጥለው 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እርሱም ከኦክቶበርና ከኖቬምበር ጀምሮ እስከ ኤፕሪል ድረስ ተከፋፍሎ ያልቃል። በሐምሌና በነሐሴ፣ እዚያ ጭቃው እግር በሚይዝበት ወራት፣ እዚህ አንዲት ጠብታ አትጠበቅም።

ቋንቋውም ያሳስታል። ዑልፓን ላይ «ሖሬፍ» ማለት ክረምት ነው ይሏችኋል። ዝናቡ ያን ጊዜ ስለሆነ እውነት ነው፤ ወሩ ግን የእኛ በጋ ነው። «ቃይጽ» ማለት በጋ ነው ይሏችኋል፤ ወሩ የእኛ ክረምት ነው። ቃሉን ተምሮ ወሩን ያልተማረ ሰው ችግኝ ይገድላል። እኔ ገድያለሁ።

ስለዚህ የመትከያውን ጊዜ በሲግድ ያዙት። ሲግድ በሔሽቫን 29 ቀን ይውላል፤ ከ2008 ጀምሮም በክኔሴት ሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። ያን ጊዜ ትልቁ ሙቀት ተሰብሯል፣ አፈሩ ግን ገና አልቀዘቀዘም። የመጀመሪያው ዝናብ፣ ዮሬ የሚሉት፣ ወይ ጥሏል ወይ ሊጥል ተቃርቧል። ከሲግድ ማግስት እስከ ቱ ቢሽቫት ባለው ጊዜ የተተከለ ሐረግ ዝናቡን እየጠጣ ሥሩን ሲሰድ ይከርማል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል። በማርች መትከልም ይቻላል፣ ያኔ ግን በውሃው ላይ እጅግ ብርቱ መሆን ያስፈልጋል። ሽሚታ የሚጠብቅ ቤተሰብ ደግሞ ዓመቱን ይቁጠር። ያለፈው የሽሚታ ዓመት 5782 ነበር፤ ከሴፕቴምበር 2021 እስከ ሴፕቴምበር 2022 ማለት ነው። የሚቀጥለው 5789 በሴፕቴምበር 2028 ይገባል፣ ተከላውን አስቀድሞ መጨረስ ነው። ዝርዝሩን የሃይማኖት አባቶችን ጠይቁ፤ የእኔ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛውን የተከልኩት በኖቬምበር ነበር፤ ከሕንፃው የጎን ግድግዳ ሥር። ያዘ። አዲስ ቅጠል ባወጣ ጊዜ እናቴን እጇን ይዤ በደረጃው አወረድኳትና «እነሆ ጠምበለልሽ» አልኳት። ቀረብ ብላ አየችው። አንድ ቅጠል ቀነጠሰች። ከተቀነጠሰበት ላይ ነጭ ወተት ጠብ አለ።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ይሄ ጠምበለል አይደለም። ጠምበለል ወተት የለውም። ይሄ የአጋም ዘር ነው።»

«እማዬ፣ አጋም እሾሃም ነው፤ ይሄ እሾህ የት አለው?» አልኳት።

«እሾሁን መቼ አየሁ? ወተቱን ነው እንጂ።»

ተከራክሬ ዝም አልኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ የአትክልት ሥራ ኮርስ ስማር ነው ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ትክክል እንደ ነበረች ያወቅሁት። ጠምበለል የወይራ ቤተሰብ ነው። አዎ፣ እዚህ ዛይት የሚሉት ዛፍ፣ እኛ እንስራና ጋን የምናጥንበት ወይራ፣ ለጠምበለል ዘመዱ ነው። የሳይንስ ስሙ ያስሚኑም አቢሲኒኩም ሲሆን የሐበሻ ያስሚን እንደ ማለት ነው፤ በትግርኛ ሓቢ ጸሊም ይባላል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወጣል፣ ቢሰበር ወተት አያወጣም። በደቡብ ፈረንሳይ ግራስ በተባለችው ከተማ ለሽቶ ሲለማ የኖረው ያስሚንም የዚሁ የጠምበለል ወንድም ነው።

የእኔ ሐረግ ግን በሳይንስ ስሙ ትራኬሎስፐርሙም ያስሚኖይደስ ይባላል። ያስሚኖይደስ ማለት «ያስሚን የሚመስል» ነው፤ መምሰል ደግሞ መሆን አይደለም። አገሩ ሩቅ ምሥራቅ፣ ቻይናና ጃፓን በኩል ነው። ቅጠሉ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት እየተያየ የሚወጣ ነው። ነጩ አበባ አምስት ክንፍ አለው፤ ክንፎቹም እንደ መንኮራኩር ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛሉ። ቅርንጫፉ ሲሰበር ወተት ያወጣል። ቤተሰቡም እናቴ እንዳለችው የአጋም ቤተሰብ ነው። አጋምን የሚያውቅ ሰው የአበባውን ሽታ ያስታውስ፤ ፍሬ ለመልቀም ስትገቡ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ አበባው ነጭ ሆኖ ቁጥቋጦውን ሲሸፍነው።

የቤተሰቡን ነገር ለጨዋታ ብዬ አላነሳሁትም። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ፍሬውን የምንበላው አጋም አለ፤ አገር ቤት ለቀስት መርዝ የዋለው መረንዝም አለ። እዚህ አገር በየመንገዱ ዳር ሮዝና ነጭ አበባ አውጥቶ የምታዩት ሐርዱፍም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሐርዱፍ ቅጠሉም፣ እንጨቱም፣ አበባውም መርዝ ነው፤ ልብ ያቆማል። ከዓመታት በፊት በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ አዛውንት ከአደባባዩ ዳር ቀጥ ያለች የሐርዱፍ ዘንግ ቆርጠው ጫፏን ሲልጡ አገኘኋቸው፤ ለመፋቂያ ነው። «አባባ፣ ይቅርታዎን» ብዬ ከእጃቸው ቀማኋቸው። በጣም ተቆጡኝ፤ አልፈርድባቸውም፣ በአገራቸው የትኛው እንጨት ጥርስ እንደሚያነጻ ከእኔ የበለጠ ያውቁ ነበርና። እዚህ ግን እንጨቱ ሌላ ነው። ስሙን ከማታውቁት ተክል መፋቂያ አትቁረጡ፤ ሥጋ መጥበሻ ዘንግም፣ ወጥ ማማሰያም አታድርጉ። ልጅ አንዳች ቅጠል አኝኮ ከታመመ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ፤ የቅጠሉን ቁራጭም ይዛችሁ ሂዱ።

ሐረጋችን እንደ ሐርዱፍ አይደለም፣ አትፍሩት። ወተቱ ግን ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል ስትገርዙት ጓንት አድርጉ፣ በዚያ እጃችሁ ዓይናችሁን አትሹ። በስም ያስሚን ከሚባሉት መካከል ጌልሴሚዩም የሚባል ቢጫ አበባ ያለው ሐረግ አለ፤ እርሱ እውነተኛ መርዝ ነው፣ አበባውን የሚመጥ ልጅ ይታመማል። ልጆች ባሉበት ግቢ አታስገቡት።

እንግዲህ ልትገዙ ስትሄዱ ያስሚን ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ቅጠሉን እዩ፣ ስሙን አስጽፉ። ወተት ያለውን፣ ቅጠሉ ወፍራሙንና በፀደይ አንድ ጊዜ በብዛት የሚያብበውን የፈለገ ትራኬሎስፐርሙም ይበል። ጠምበለልን የሚመስል ሦስት ቅጠል ያለውን የፈለገ ደግሞ ያስሚኑም አዞሪኩም ይበል፤ እርሱም ቅጠሉ አይረግፍም፣ አበባውም በበጋው ይቆያል። ጠምበለል ራሱን እኔ እዚህ በሚሽታላ አላየሁትም። ዘመድ ከጎንደር ሲመጣ ቆርጦ በሻንጣ ያምጣልኝ የምትሉ ካላችሁ ተዉት፤ ያለ ፈቃድ ተክል ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉም ያለ ምክንያት አልወጣም፣ በአንዲት ቅርንጫፍ የሚገባ በሽታ ያገር ማሳ ያጠፋል።

ወደ ሁለተኛው ሐረግ ልመለስ። ያ ሐረግ በሁለተኛው ፀደይ አሥራ አንድ አበባ አወጣ። ቆጥሬያቸዋለሁ። እናቴ በራሷ እግር መውረድ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው፤ ማታ ማታ ጀንበር ስትጠልቅ ትወርድና ከአጠገቡ ትቆማለች። ከዚያ የሕንፃው ግድግዳ ቀለም የሚቀባበት ጊዜ ደረሰ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሐረጉ ከነሥሩ ተነቅሎ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ተጥሎ አገኘሁት። ደሜ ፈላ። ወደ ቫዓድ ባይት፣ ማለትም የሕንፃው ኮሚቴ ሰውዬ በር ሄጄ ደበደብኩ። ዕብራይስጤ ሲቆጡበት የሚበቃ አልነበረም። ሰውዬው ጨርሶ አዳመጠኝና አንዲት ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ስትተክል ማንን ጠየቅህ?»

ማንንም አልጠየቅሁም ነበር። እኔ መሬት ባዶ ሆኖ ካየሁ የምተክል ሰው ነኝ፤ አባቴም እንዲሁ ነበር። እዚህ ግን የፎቅ ግቢ የሁሉም ነው። ግድግዳውም የሁሉም፣ ውሃውም በሁሉም ላይ የሚከፈል። ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መንቀላቸው ልክ ነበር አልልም፤ ዛሬም ልክ አይመስለኝም። ግን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ቀለም ቀቢው አስቀድሞ ይነግረኝ፣ እኔም ሐረጉን ከግድግዳው ፈትቼ መሬት ላይ አስተኝቼ፣ ቀለሙ ሲደርቅ መልሼ በሰቀልኩት ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በሦስተኛው ጊዜ እናቴ ዘዴውን አገኘችው። «ሰዎቹን እኔ ጋ አምጣቸው» አለችኝ። ቡና አፈላች። የኮሚቴው ሰውዬ መጣ፤ ከምድር ቤት ያሉት ከሞሮኮ የመጡ አሮጊት ጎረቤታችንም መጡ። እናቴ ዕብራይስጥ አልነበራትም፣ አሮጊቷም አማርኛ የላቸውም። እኔ በመካከል ሆኜ ሳስተረጉም፣ አሮጊቷ ያስሚን የሚለውን ቃል ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እርሳቸውም በልጅነት ቤታቸው ግቢ ያስሚን ነበራቸው። ከዚያ በኋላ የኮሚቴው ሰውዬ ብዙ የሚናገረው አልቀረውም። «በአጥሩ በኩል ተክሉት፣ ግድግዳውን አትንኩ፣ የጋዝ ቧንቧው ላይ እንዳይወጣ» አለን። ይኸው ነው ስምምነቱ።

እናንተም ከመቆፈራችሁ በፊት ጠይቁ። በጋራ ሕንፃ ከሆነ ቫዓድ ባይቱን፣ በኪራይ ቤት ከሆነ ባለቤቱን፣ ከአጥር ውጭ ያለ መሬት ከሆነ ኢሪያውን። የውሃው፣ የመብራቱና የጋዙ መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍም አጣሩ። ሐረጉ በጋዝ ቧንቧ፣ በማዝጋን ሳጥንና በመብራት ቆጣሪ ላይ እንዳይጠመጠም። የአስም ሕመም ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ከመኝታው መስኮት ሥር አትትከሉት፤ መዓዛው በተለይ ማታ ይበረታልና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አፈሩ በሦስቱ ከተሞቻችን አንድ ዓይነት አይደለም። ያቭኔ በተለይ ወደ ባሕሩ በኩል አሸዋው ይበዛል፤ ውሃውን ወዲያው ያሳልፈዋል። ገዴራ አካባቢ ሐምራ የሚሉት ቀይ አፈር አለ፤ ለሐረጋችን ከሁሉ የሚስማማው እርሱ ነው። በእኛ በቂርያት መላኺ በኩል ብዙ ቦታ የምታገኙት ከባድ አፈር ነው፤ ዋልካ ያረሰ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ። አሸዋ ላይ የምትተክሉ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት አብዙ። ዋልካ ላይ የምትተክሉ ጉድጓዱን ጥልቅ አታድርጉት፤ ጥልቅ ጉድጓድ በከባድ አፈር ውስጥ እንደ እንስራ ውሃ ይይዝና ሥሩን ያበሰብሰዋል። ጥልቀቱ ከችግኙ ማሰሮ ጋር እኩል፣ ስፋቱ ግን እጥፉ ይሁን። ከአጥሩ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ በሁለት ችግኞች መካከል ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ተዉ። ትኩስ ፍግ በፍጹም አታድርጉ፣ ያቃጥላል።

ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው በጋ ውሃ ነው። ብዙ ሰው በክረምት ተክሎ፣ ሐረጉ ለምልሞ ሲያየው «ያዘ» ብሎ ይተወዋል። ገና አልያዘም። ከሜይ እስከ ኦክቶበር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሊትር ስጡት። አሸዋ ላይ ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ፣ ዋልካ ላይ ሰንበት እያላችሁ በርከት አድርጋችሁ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ዛሬ አታጠጡ። ሻራቭ፣ ያ ከምድረ በዳ የሚመጣው ደረቅ ትኩስ ነፋስ ሲነሣ ግን ቀኑን አትቁጠሩ፣ አጠጡ። ሰዓቱ ማለዳ ወይም ማታ ነው፤ በቀትር የሚፈስ ውሃ ግማሹ ለፀሐይ ነው። ሥሩን በደረቀ ሣር ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ ጎዝጉዙለት፤ ለቡና ሣር እንደምንጎዘጉዘው ነው፣ ብቻ ግንዱን እንዳይነካው።

የቲፍቱፍ ቧንቧ መዘርጋት ከቻላችሁ እጅግ ይቀላችኋል። ውሃ በጠብታ የማጠጣት ዘዴ በዚህ አገር መሐንዲስ በሲምሐ ብላስ የተሻሻለ ነው፤ በ1965 በኪቡጽ ሐጼሪም ኔታፊም የተባለው ድርጅት ሥራውን ጀመረ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ነገሩ ረቂቅ አይደለም። አንዷ ቀዳዳ በሰዓት ሁለት ወይም አራት ሊትር ታንጠባጥባለች፤ ለአንድ ሐረግ ሁለት ቀዳዳ ይበቃዋል። ስንት ሰዓት እንደምትከፍቱት ማባዛት ብቻ ነው። ልጆቻችሁ ሒሳቡን ይሠሩላችኋል።

ሐረጉ ራሱን በራሱ ልሙጥ ግድግዳ ላይ አይለጥፍም፤ የሚወጣው በመጠምጠም ነው። ስለዚህ ሽቦ ወጥሩለት ወይም የእንጨት መደገፊያ ሥሩለት። በመጀመሪያው ዓመት ቡቃያውን በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። እናቴ ከአሮጌ ነጠላዋ ቀዳ ነበር ያሰረችው፤ ሲባጎ ይቆርጠዋል፣ ጨርቅ አይቆርጠውም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፤ ይህ ሐረግ ሲጀምር ዘገምተኛ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቆሞ የሚያያችሁ ይመስላል። ሥሩን እየሠራ ነው። በሁለተኛው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ በሦስተኛው ይሮጣል፣ እስከ ስድስት ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ተስፋ ቆርጠው የነቀሉትን ሰዎች አውቃለሁ። ብዙዎቹ ዑልፓንም በሦስተኛው ወር የተዉ ናቸው፤ ይህን በሌላ ቀን እናወራዋለን።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ውሃ አነሰው ብላችሁ አታጥለቅልቁት። አፈራችን ኖራ ሲበዛበት ሐረጉ ብረት ማግኘት አይችልም። ሚሽታላ ሄዳችሁ ኬላት ባርዜል በሉ፤ ቀይ ዱቄት ነው፣ በውሃ በጥብጦ ሥሩ ላይ ማፍሰስ ነው። በክረምት ብርድ አንዳንዱ ቅጠል ወደ ቀይ ቢለወጥ ግን በሽታ አይደለም። ጥቁር ጥላሸት ከሸፈነው ከሥሩ ተባይ አለ ማለት ነው፤ በሳሙና ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት።

መግረዙ አበባው እንዳለቀ ነው፣ በሰኔ አካባቢ፤ ሌላ ጊዜ አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚወጣው ዘንድሮ ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። በጃንዋሪ የቆረጠ ሰው እምቡጡን ነው የቆረጠው። ይህንንም ስህተት ሠርቻለሁ፤ አትክልተኛ ከሆንኩ በኋላ፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ፣ በሰው ግቢ። የግቢው ባለቤት በሜይ መጥተው «አበባዬ የት አለ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም።

ሦስተኛው ሐረግ ዛሬም በአጥሩ ላይ አለ። ከኤፕሪል አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሻቩዖት ድረስ ያብባል። ከግቢው ወንበሮች አንዱ የእናቴ፣ አንዱ የሞሮኮዋ አሮጊት ነበር። ቋንቋ ሳይኖራቸው ብዙ ዓመት አብረው ተቀመጡ። እናቴ ሰው ሲጠይቃት ያስሚን አላለችም፤ እስከ መጨረሻው «አጋም» ነው የምትለው፤ አሮጊቷም ከእርሷ ሰምተው እንዲሁ አሉ። ሁለቱም ዛሬ የሉም። በሕንፃው ውስጥ ያሉት ጎረቤቶች፣ ከሩሲያ የመጡትም፣ እዚህ የተወለዱትም፣ ሐረጉን የሚጠሩት «ሃአጋም» ብለው ነው። ቃሉ ዕብራይስጥ የሚመስላቸው ልጆች አሉ።

ለማራባት ቀላሉ መንገድ ረጅም ቅርንጫፍ ወደ መሬት አጎንብሶ፣ መካከሉን በቢላዋ ፋቅ አድርጎ አፈር ውስጥ መቅበርና ድንጋይ መጫን ነው። ጫፉ ውጭ ይቅር፣ አፈሩ አይድረቅ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሥር ያወጣል፤ ከእናቱ ቆርጣችሁ ትተክሉታላችሁ። ከዚያው ሐረግ በዚህ ዘዴ ያወጣኋቸው ስድስት ችግኞች በማሰሮ አሉኝ። ከሲግድ በኋላ ባለው ሳምንት እሰጣለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም። የምትፈልጉ ቤተሰቦች ቫዓድ ባይታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ኑ፤ «እሺ» ያላችሁንም ሰው ብታመጡት ደስ ይለኛል፣ ቡና አለ።